ዝም ያለ ሰው ምን አለ?

አንድ ማኅበር አባሎቹን «ይሁን ወይስ ይቅር?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ «ይሁን» ያለውም «ይቅር» ያለውም አሳቡን በአፉ ወይም በእጁ ስለ ገለጠ የእነርሱ ነገር ሊቃውንትን ብዙ አያደክምም፤ ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረው ተጠይቆ ያልመለሰው ሦስተኛው ሰው ነው፤ እርሱ ፈርቶ ይሁን ንቆ፣ ረስቶ ይሁን ሆን ብሎ ዝም ያለው ከራሱና ከፈጣሪው በቀር የሚያውቅ የለምና። አበው የሰውን ምግባር በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለት በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ከፍለው አስተምረዋል፤ የነፍስ አባትም የሚናዘዘውን ሰው የሚመረምረው በዚሁ ሚዛን ነው። ዝምታን ግን ከሦስቱ በየትኛው ክፍል እናገባዋለን? ነቢብ እንዳንለው ቃል የለበትም፤ ገቢር እንዳንለው እጅ አልተነሣበትም፤ ኀልዮ እንዳንለውም የልብን መመርመር ለሰው አልተሰጠም። ይህን ጥያቄ እዚህ የማነሣው ስለ ሲኖዶስ ወይም ስለ ገዳም ጉባኤ ለመናገር አይደለም፤ ለነገሩ እንግዳ በሚመስል ስፍራ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከአሠሪያቸው ጋር ሲደራደሩ ሥራ ለማቆም በሚሰጡት ድምፅ ላይ ላየው አስቤአለሁ፤ ዝምታን በሕግ መዝኖ ዋጋ የቈረጠለት ከዚያ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁምና።

«ሠራተኞቹ ለአድማ ድምፅ ሰጡ» የሚል ወሬ የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ አድማው የተጀመረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የኅብረት ስምምነቱ ዘመን ሊያልቅ ሲቃረብ ማኅበሩ የመረጣቸው ተደራዳሪዎችና የዩኒቨርሲቲው ሹማምንት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ሥራ ዋስትና ወራት የሚፈጅ ክርክር ይከራከራሉ፤ ነገሩ አልፈታ ባለ ጊዜ ተደራዳሪዎቹ ወደ አባላቱ ተመልሰው «ያስፈለገ እንደ ሆነ አድማ እንድንጠራ ሥልጣን ትሰጡናላችሁን?» ብለው ይጠይቃሉ። እንግዲህ ድምፁ ውክልና መስጫ ነው፤ አድማው ከዚያ በኋላ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። በአሜሪካ በግል ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ይህን ድምፅ የሚያስገድደው የመንግሥቱ ሕግ ሳይሆን የየማኅበሩ ደንብ ነው፤ ዩናይትድ አውቶ ዎርከርስ የተባለው ማኅበር ለምሳሌ ምስጢራዊ ድምፅ እንዲሰጥና ከሰጪዎቹ ሁለት ሦስተኛው እንዲስማሙ በደንቡ ይጠይቃል። (የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ስለ ፕላቶንና ስለ አርስጣጣሊስ የሚያስተምሩ ወጣቶችን ማደራጀቱ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ግን እውነት ነው።) እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ 48,000 የሚሆኑ ረዳት መምህራንና ተመራማሪዎች በዚሁ ማኅበር ሥር ሲደራደሩ ከ36,000 በላይ የሚሆኑት ድምፅ ሰጡ፤ ከመቶ 98ቱም «ይሁን» አሉ፤ ኖቬምበር 14 ቀንም ሥራ ቆመ።

ይህ ድምፅ በባሕርዩ ስእለት ነው ብል ቃሉን ያለ ቦታው አዋልሁት የምባል አይመስለኝም። ስእለት የገባ ሰው «ይህ ቢሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ነጻ ፈቃዱን ገና ባልመጣ ቀን ላይ ያስራል፤ መስፍኑ ዮፍታሔ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ከቤቱ ደጅ ምን ወጥቶ እንደሚቀበለው ሳያውቅ የገባው ቃል ምን እንዳስከተለበት የመሳፍንትን መጽሐፍ ያነበበ ያስታውሰዋል። የአድማው ስእለት ግን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ የሚሳሉት ሁሉ ቀኑ እንዳይደርስ ይመኛሉ። ተደራዳሪው ያን የድምፅ ቍጥር ይዞ ወደ ጠረጴዛው የሚመለሰው ዩኒቨርሲቲው አይቶት እንዲለዝብና አድማው ሳይደረግ እንዲቀር ነው። ታዲያ አንዳንድ ለኅሊናው የሚጠነቀቅ ሰው «የማልመኘውን ነገር አደርጋለሁ ብዬ መፈረም ሐሰት አይሆንብኝምን?» ብሎ ይጠይቃል። የእኔ ፍርድ፣ አይሆንም፤ አለመመኘትና አለመቍረጥ የተለያዩ ናቸውና። ሐሰተኛ የሚሆነው «ይሁን» ብሎ ምልክት አድርጎ ሳለ፣ በልቡ ግን «ሌሎቹ ይቁሙ፤ እኔ ከክፍሌ አልቀርም» ያለ እንደ ሆነ ነው፤ ያ ሰው የጓደኞቹን ነገ በራሱ የሐሰት መሐላ አስይዟል።

ስእለት ፍጻሜም መፈታትም አለውና፣ የካሊፎርኒያው ነገር ካለቀ በኋላ ረዳት መምህራኑ በዲሴምበር 23 ቀን ውሉን ሲያጸድቁ የተስማሙት ከመቶ 62 ገደማ ብቻ ነበሩ። ለመግባት 98፣ ለመውጣት 62፤ አንድ ላይ ለመነሣት መስማማት አንድ ላይ ለመቀመጥ ከመስማማት እንደሚቀል ከዚህ ይታያል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲማ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ተደራዳሪዎቹ ተስማምተው ያመጡትን ውል አባላቱ በ970 ድጋፍ በ1,093 ተቃውሞ ጣሉት፤ በኖቬምበር እንደ ገና ሥራ አቆሙ። ውክልና ከሰጪው እጅ ጨርሶ እንደማይወጣ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከነዚህ ቍጥሮች ከየትኛውም ያልገባው ሰው ነው፤ እርሱን ለማግኘትም ወደ ብሪታንያ መሻገር ያስፈልጋል።

በብሪታንያ ቀድሞ የሠራተኛ አድማ በመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ እጅ በማውጣት ይወሰን የነበረበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ምስጢራዊ ድምፅ ሳይሰጥበት የተደረገ አድማ የሕግ ከለላ አጣ፤ ውሎ አድሮም ድምፁ በፖስታ ካልሆነ አይቈጠርም ተባለ። እኔ ስለማወራባቸው ዓመታት ስናገር፣ የዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ማኅበር አባል የሆነ መምህር የድምፅ መስጫው ወረቀት በቤቱ አድራሻ በፖስታ ይመጣለታል፤ ወረቀቱ ላይ ጥያቄው ተጽፎ፣ «አዎ» እና «አይ» የሚባሉ ሁለት ሣጥኖች ተሰልፈው፣ በአድማ የሚሳተፍ ሰው የሥራ ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ፣ ሕግ ራሱ ቃሉን የወሰነው አንቀጽ ታትሞበታል። መምህሩ ከሁለቱ ባንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የፖስታው ዋጋ በተከፈለበት ኤንቨሎፕ ውስጥ ይከትተዋል፤ ከቤት ወጥቶ መንገድ ዳር ካለው ቀይ የፖስታ ሣጥን ይጥለዋል፤ ከማኅበሩም ከአሠሪውም ያልሆነ ገለልተኛ ቈጣሪ ይቀበለዋል። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምር ፕሮፌሰር እንኳ በኢሜይል ልመልስ ቢል አይቻለውም። ሦስተኛ ሣጥን፣ ማለት የእኛ ጉባኤዎች «ድምፀ ተዐቅቦ» የሚሉት፣ በዚያ ወረቀት ላይ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ፣ በሚቀጥለው ዓመት በማርች ወር ሥራ ላይ ሲውል፣ በዚህ ላይ አንድ ደፍ ጨመረ፤ ድምፅ መስጠት ከሚገባቸው አባላት ቢያንስ ከመቶ 50ው ካልሰጡ፣ የሰጡት ሁሉ «አዎ» ቢሉም አድማው ሕጋዊ አይሆንም ተባለ። ነገሩ በላይ በላዩ ሲታይ ርቱዕ ይመስላል፤ ጥቂቶች በብዙዎች ስም እንዳይወስኑ ምልዓተ ጉባኤ መጠየቅ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነውና። ነገር ግን ሒሳቡን በዝግታ እንሥራው። አንድ ማኅበር 1,000 አባላት ቢኖሩትና 499ኙ «አዎ» ብለው የቀሩት ሁሉ ዝም ቢሉ ደፉ አልተነካምና አድማው ወደቀ። አሁን ከዝምተኞቹ አንድ ሰው፣ አድማውን ከልቡ የሚጠላ፣ ተነሥቶ «አይ» የሚል ወረቀቱን በፖስታ ቢልክ፣ ድምፅ የሰጡት 500 ሆኑ፤ ደፉ ታለፈ፤ አድማውም በ499 ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። «ይቅር» ያለው ቃሉ «ይሁን» ሆኖ ተቈጠረ፤ ምኞቱ እንዲፈጸምለት ከፈለገ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ ትቶት መተኛት ነበረበት።

ይህ የመምህራን የመቀለጃ ሒሳብ ብቻ እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ዓ.ም. የሆነውን መመልከት ነው። የዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ማኅበር በመላው አገር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ባስጠየቀው ድምፅ ከአባላቱ ከመቶ 57.8ቱ መለሱ፤ ከመለሱት ከመቶ 81.1ዱ «አዎ» አሉ። አንባቢ ሁለቱን ቍጥሮች ቢያባዛ፣ ከመቶው አባል 47ቱ ደጋፊ፣ 11ዱ ተቃዋሚ፣ 42ቱ ዝምተኛ ሆነው ያገኛቸዋል። እንግዲህ እነዚያ 11 ተቃዋሚዎች ቤታቸው ቢቀሩ ኖሮ የሚቈጠረው 47 ብቻ ሆኖ ነገሩ በደፉ ላይ ይቀር ነበር። (በጎን ስለ ጡረታ የተሰጠው ሌላው ድምፅ ያለ ተቃዋሚዎቹም በጠባቡ ያልፍ ነበር።) በኖቬምበር 24፣ 25 እና 30 ቀን በ150 ዩኒቨርሲቲዎች ከ70,000 በላይ ሠራተኞች የተጠሩበትን የደመወዝ አድማ ሕጋዊ በር የከፈቱት፣ በእውነተኛው አነጋገር፣ የተቃወሙት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ያ ሕግ ለተቃዋሚው ምን ያስተምረዋል? «እውነትህን አትናገር፤ ብትናገር ይጐዳሃል፤ ዝምታህ ግን ያገለግልሃል» ይለዋል። እኔ ሕጉን የምነቅፈው አድማ ስላስቸገረ አይደለም፤ የሕጉ ጠበቆች የሚያቀርቡት ምክንያት፣ ማለት የተማሪው ትምህርትና ፈተና በጥቂት ንቁ ሰዎች ፈቃድ ሊቋረጥ አይገባውም የሚለው፣ የሚናቅ አይደለም፤ ከድርድሩ ጠረጴዛ ወንበር የሌለው ተማሪው ነውና። ነቀፌታዬ በሚዛኑ ላይ ነው። አንድ የሰዓት ክፍያ የሚከፈለው መምህር በየዓመቱ ቤት እየለወጠ ወረቀቱ የቀድሞው ተከራይ ደጃፍ ላይ ሲቀር፣ ሌላዋ አራስ ሆና ኤንቨሎፑን ሳትከፍተው ሲያልፍባት፣ ሌላው «ማኅበሩም ዩኒቨርሲቲውም ያው ናቸው» ብሎ በንቀት ሲጥለው፣ ሌላው ደግሞ ከላይ ያልነውን ሒሳብ ዐውቆ በጥበብ ዝም ሲል፣ ሕጉ አራቱንም በአንድ ረድፍ አሰልፎ «ተቃዋሚ» ይላቸዋል። ለሰው ያልተሰጠውን ኀልዮ የመመርመር ሥልጣን ወስዶ፣ ልብን ከቀረ ወረቀት አነበበ።

ዝምታን ከኋላው በሚከተለው ሥራ መተርጐም እንጂ በራሱ መተርጐም እንደማይቻል ከቅዱስ መጽሐፍ አንድ ሰው ያስተምረናል። የአርማትያስ ሰው ዮሴፍ የአይሁድ ሸንጎ አባል ነበር፤ ወንጌላዊው ሉቃስም በሸንጎው ምክርና ሥራ ያልተስማማ መሆኑን ይመሰክርለታል፤ በዚያች ሌሊት ተነሥቶ ይናገር አይናገር ግን አልጻፈልንም። ምናልባት ዝም ብሎ ይሆናል። ሸንጎው በእንግሊዞቹ ሕግ ቢገዛ ኖሮ ዮሴፍን በየትኛው ረድፍ እንደሚያሰልፈው እንጃ። አለመስማማቱን ያወቅነው በማግሥቱ፣ የሸንጎው ፍርድ ከተፈጸመ በኋላ፣ በጲላጦስ ፊት ደፍሮ ቀርቦ ሥጋውን በለመነ ጊዜ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከኒቆዲሞስ ጋር የምታከብረው በዚህ በገቢሩ ነው። ዝም ያለው መምህርም እንዲሁ መልሱን አዘገየ እንጂ አላስቀረም፤ የአድማው ቀን ማለዳ ሰልፈኞቹ ከቆሙበት በር ሲደርስ ወይ ይገባል፣ ወይ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ግን ጠያቂዎቹ ቈጥረው ጨርሰዋል።

አድማ ራሱም ዝምታ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ትምህርት አይሰጥም፤ ጥያቄ አይመለስም፤ ነጥብ አይገባም። ነገር ግን በጾምና በረኃብ መካከል ያለው ልዩነት በዚህም አለ፤ ሁለቱም አለመብላት ሲሆኑ፣ ጾም ቀኑ ተቈርጦ፣ ምክንያቱ ታውቆ፣ በፈቃድ የተያዘ ስለ ሆነ ግብር ይባላል። የታወጀ ዝምታ ቃል ነው። ድምፀ ተዐቅቦም በጉባኤ መካከል «እኔ በዚህ አልፈርድም» ተብሎ ሲነገር የታወጀ ዝምታ ነው፤ ገማልያልም ስለ ሐዋርያት «ተዉአቸው» ብሎ ሲመክር ፍርዱን ያዘገየው በሸንጎው መካከል ቆሞ እየተናገረ ነበር። የብሪታንያው ወረቀት ለዚህ ክቡር ዝምታ ቦታ ስላልሰጠው ካልታወጀው ዝምታ ጋር ተቀላቅሎ ቀረ።

በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ በአዋጅ ቍጥር 377/1996ም ሆነ እርሱን በተካው በአዋጅ ቍጥር 1156/2011፣ አድማ የሚጸናው ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫው ሲደገፍ ነው። (የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር በዚህ አዋጅ አይተዳደርም፤ ስለ ደንቡ ጠባይ ለመናገር ያህል ነው።) ይህም ሕግ ከደዌው ነጻ ነው አልልም፤ ተቃዋሚው ከስብሰባው በመቅረት ምልዓተ ጉባኤውን ሊያፈርስ ይችላልና፤ እንዲያውም ደፉ ከእንግሊዞቹ ይልቅ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን በስብሰባ የቀረ ሰው መቅረቱ በጓደኞቹ ዐይን ይታያል፤ የመጣው ደግሞ የሌላውን ክርክር ሳይሰማ አይወስንም፤ ዝም ለማለት የፈለገም መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ተቈጥሮ ዝም ይላል። እድሮቻችን ከዚህም ያለፈ ብልኀት አላቸው፤ ከስብሰባ የቀረውን መቀጫ ያስከፍሉታል እንጂ «ስለ ቀረህ እንዲህ ብለሃል» አይሉትም። መቅረቱን እንደ ዕዳ ያዩታል፤ አሳቡን ግን አይተረጕሙበትም። ለእኔ ይህ የእድር ዳኞች ፍርድ ከፓርላማው ፍርድ ይበልጥብኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ ድምፁ የሚቈጠረው በአንድነት ነው ወይስ በየዩኒቨርሲቲው? እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የብሪታንያው ማኅበር በየዩኒቨርሲቲው ለይቶ ስላስቈጠረ፣ ደፉን ባለፉት 60 ዩኒቨርሲቲዎች ስምንት ቀን ሥራ ሲቆም፣ ጥቂት ወረቀት የጐደላቸው ግን ድጋፋቸው ብዙ ሳለ እያስተማሩ ዋሉ። በ2022ቱ ሁሉ አንድ ላይ ተቈጠረና የአንዱ ስንፍና በሌላው ትጋት ተሸፈነ። በአካን ኃጢአት ሰፈሩ ሁሉ የተመታበትና፣ በሕዝቅኤል ዘንድ ደግሞ እያንዳንዱ በራሱ ሥራ የሚፈረድበት የሁለት ትምህርት ክርክር እዚህም ገባ። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማለድ ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ድረስ ደፉን ማውረዱ ደግሞ ስለ ድርድር ለሚያጠና ሰው የሚያስደንቅ ነው፤ እዚያ የተጠየቀው ግን ስንት ጻድቅ አለ የሚለው ብቻ ነበር፤ ከቤቱ ያልወጣውን የሰዶም ሰው ማንም በጽድቅም በክፋትም ላይ አልደመረውም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. መምህራኑ የፈተና እርማትን ለወራት ካቆሙ፣ ብዙዎቹም በዚያ ምክንያት ከደመወዛቸው ግማሹን አንዳንዶቹም ሙሉውን ካጡ በኋላ፣ የድምፁ ዘመን ያን ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ይጸና ስለ ነበር ማኅበሩ በመጸው እንደ ገና ጠየቀ። በኖቬምበር ውጤቱ ሲነገር፣ ከመለሱት ከመቶ 68ቱ «አዎ» ብለው ሳለ፣ የመለሱት ግን ከአባላቱ ከመቶ 43 እንኳ ስላልሞሉ ነገሩ ወደቀ። ከዚያ ውድቀት ምን ያህሉ ከድካም፣ ምን ያህሉ ከቍጣ፣ ምን ያህሉ ከጠፋ ፖስታ እንደ መጣ ሕጉ አይጠይቅም። ከመላው አባል ከመቶ 13 ተኩል የሚሆኑት ግን፣ አድማውን እየጠሉ፣ ባለፈው ዓመት የእነርሱ «አይ» ለምን እንደ ዋለ ሒሳብ የሚያውቁቱ ሊያውቁት ሲችሉ፣ ወረቀቱን ሞልተው፣ ከቤት ወጥተው፣ ከቀዩ ሣጥን ጣሉት። ማኅበሩ በሚቀጥለው ድርድር ከዩኒቨርሲቲዎቹ ፊት የሚቀመጡ ሰዎችን ሲመርጥ ከእነዚህ ከ13ቱ ወገን አንዱን ቢጨምር፣ ባልደረቦቹ የማይወዱትን ነገር ፊት ለፊት የሚነግራቸው ሰው በጠረጴዛው ያገኛሉ፤ የተመረጠውም እሺ ማለቱን ወይም እንቢ ማለቱን በደብዳቤ ይጽፍላቸዋል ብዬ አምናለሁ።